እማማ የተባለው አካል

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ዓይንሽስ? አመልሽስ? የመጨረሻውን የጠየቅኩሽ እማዬ "አንድም ሳታስቀሪ ጠይቂያት" ስላለችኝ ነው እንጂ እኔስ መልሱን አውቀዋለሁ። እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከሒሳብ ፈተና በቀር ደህና ነኝ፤ ሁለቱም ከአቅሜ በላይ ናቸው። እማዬ ደህና ናት። አያታችን እማማም ደህና ናቸው፤ "ጉልበቴ ጡረታ ወጥቷል፣ ምላሴ ግን ገና በሥራ ላይ ነው" ይሉሻል። አባዬም ደህና ነው። ስለ እሱ እንዳልጠየቅሽ አውቃለሁ፤ የሰላምታ ወግ አጓደለች እንዳልባል ብዬ ነው የጻፍኩት።

የተላከልሽ ሹራብ የእማዬ ሥራ ነው፤ አንገቱ ቢጠብሽ እሷን ውቀሺ። እጅጌው ውስጥ ያገኘሽው ደብዳቤ የእኔ ነው። ስልክ ሲጮህ ልብሽ እንደሚደነግጥና ቁጥርሽን ከእማዬ በቀር ማንም እንዲያውቀው እንደማትፈልጊ ስለነገረችኝ፣ እኔም እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ምን እንደምጽፍልሽ ስትጠይቀኝ "ሰላምታ ብቻ ነው" አልኳት። እንደምታዪው ሰላምታው ትንሽ ረዘም ብሏል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ካንቺ ጋር አውርታ ስትጨርስ እማዬ ስልኩን እጇ ላይ እንደያዘች ብዙ ቆመች። ምን እንዳልሽ እኔ ባልጠይቃትም እማማ ጠየቋት፤ እሳቸው ደግሞ መልስ ሳያገኙ አይለቁም። ስለ አባዬ "ስሜን መጥራት አፍሮ ዝም አለ" ብለሻል አሉ። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተጎዳ አንድ ሰው ጥቀስ ሲባል እኔ ትዝ አላልኩትም። ለሰው ልጆች ሕግ ያወጣል፤ በራሱ ልጅ ግን እስከዛሬ ያፍራል" ብለሻል። ደግሞም ወደ ቤት የምትመለሽበት ነገር ያኔ እንዳበቃ ነግረሻታል። ወሬውን ያመጣችልሽ የአጎታችን የጋሼ መርህ ሚስት መሆኗን ሰምቻለሁ። የጋሼ መርህ ሚስት ግን ይህ የሆነበት የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አልነበረችም። እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት ልንገርሽ፤ ከዚያ በኋላ ብትቀየሚም ቅሬታሽ በደንብ አውቆ የተቀየመ ሰው ቅሬታ ይሁን።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ አባዬ አዲሱን የብድር መመሪያ እንዲያረቅቅ ታዘዘ። ሌሎች አባቶች ከሥራ ሲመጡ ጋዜጣ ያነባሉ ወይም ያንኮራፋሉ፤ የእኛው አባት ግን አበዳሪዎችን የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤቱን እንዳለ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ቤት ያመጣው ጀመር። ራት ሳይቀርብ አንድ አንቀጽ ይነበባል። የማንበቡ ሥራ የእኔ ነው። ከዚያ ከመካከላችን አንዱን ይመርጥና "እስቲ በራስሽ አባባል" ይላል። የመረጠው ሰው የገባውን ይናገራል። ተሳስቶ ከተናገረ አባዬ አይቆጣም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ አረፍተ ነገሩን ይሰርዘዋል። "ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም፣ የአረፍተ ነገሩ ነው" ይላል። ሰው የማይገባውን ውል እየፈረመ ስንት ቤት እንደፈረሰ ስላየ፣ መመሪያው ከእማማ ጆሮ ካላለፈ ከመሥሪያ ቤቱ በር አይወጣም ብሎ ምሏል።

እኔም ይህን ትምህርት በደንብ ይዤ የሒሳብ ውጤቴን ስሰጠው "አባዬ፣ ጥፋቱ የተማሪዋ አይደለም፣ የጥያቄው ነው" አልኩት። ለአንድ ሳምንት ከትምህርት ቤት በቀር የትም እንዳልሄድ ተፈረደብኝ። ደንብ አውጪ ሰው ደንቡ ዞሮ እሱ ጋ ሲመጣ ይግባኝ እንደማይሰማ ያኔ ተረዳሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን ጨዋታው ይጣፍጥ ነበር። ወለድ በዓመት ተሰልቶ ይገለጽ የሚለውን አንቀጽ እማዬ "'በቀን ትንሽ ሳንቲም ናት' እያለ ከሚያታልልሽ፣ ዓመት ሲሞላ ስንት እንደምትሆን አሁኑኑ ይንገርሽ ነው" ብላ ተረጎመችው። አባዬ የእሷን አባባል ከራሱ አስበልጦ ወሰደው። ተበዳሪ ከፈረመ በኋላ ሦስት ቀን አስቦ ያለ ቅጣት ውሉን መተው ይችላል የሚለውን ደግሞ እማማ "ስፈርም ያልታየኝ ቤቴ ስገባ ከታየኝ፣ ብርህን ይዘህ ወግድ ማለት እችላለሁ ነው" አሉ። አባዬ "ወግድ" የምትለዋን ቃል ብቻ አለሳለሰ።

አንድ ቀን አንቀጽ ሃያ አንድ መጣ። የዚያን ዕለት ወረቀቱን ለእኔ አልሰጠኝም፤ ራሱ ሊያነበው ጉሮሮውን ጠረገ። "አበዳሪው ወይም ወኪሉ ክፍያ ለማስመለስ ሲል ከተበዳሪውና ከዋሱ ውጪ ማንኛውንም ሦስተኛ ወገን በማናቸውም የመገናኛ ዘዴ ማነጋገር አይችልም" ይላል። "ሦስተኛ ወገን" ላይ ሲደርስ ተመልሶ እንደገና ከላይ ጀመረ።

ሦስተኛ ወገን ማን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ያቺን የፎቶ ማተሚያ መሣሪያ ለመግዛት በስልክ የተበደርሽው ብድር ሁለት ሳምንት ሲያልፈው፣ አበዳሪዎቹ ስልክሽ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ እየለቀሙ የደወሉላቸው ናቸው፦ የአባዬ ዋና ዳይሬክተር፣ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣ ጋሼ መርህ፣ ጭራሽ የጥርስ ሐኪማችን። ለሁሉም ያሉት ነገር አንድ ነበር፤ "ሌባ ዘመድ አለችዎት፣ ይምከሯት"። አባዬ ያን ዕለት ከሥራ ሲመጣ የነገረሽን ቃል እኔም በር ኋላ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። "አሳፈርሽኝ" ነው ያለሽ። ሌላ ነገር እንዳልጨመረ፣ ይህችም ብትሆን እንደምትበቃ ይገባኛል።

እና አንብቦ ጨረሰ። "በራሳችሁ አባባል?" አለ፤ ማንንም ግን አልመረጠም። እማዬ እሳት ላይ ያልተጣደ ድስት ልታይ ተነሳች። እኔ፣ ዝም ብላ የማታውቀው እኔ፣ የጣቴን ጥፍር አየሁ። በመጨረሻ እማማ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው "ምን ያስቸግራል?" አሉ። "ያበደርከውን ጠይቅ፤ እናቱን ተዋት ነው የሚለው።" አባዬ አልሰረዘም፣ አልጻፈም። ወረቀቱን አጠፈና "ለዛሬ ይበቃናል" አለ።

ከዚህ በኋላ የተፈጠረው ነገር የእኔና የመነጽር ጥፋት ነው። እንደምታውቂው አባዬ በአንድ ጣት ነው የሚተይበው፤ ፊደል ሲፈልግ የጠፋ በግ የሚፈልግ ይመስላል። ስለዚህ የምተይብለት እኔ ነኝ። አንቀጽ ሃያ አንድን ስጨርስ፣ አይቶ ፈገግ ይላል ብዬ፣ ከሥሩ በቅንፍ "(በእማማ አባባል፦ ያበደርከውን ጠይቅ፤ እናቱን ተዋት)" ብዬ ጨመርኩ። ያያትና ያጠፋታል የሚል እምነት ነበረኝ። በዚያው ሰሞን ግን እማማ መነጽሩ ላይ ተቀምጠው ሰብረውታል። አባዬ የሰው ልጅ በዓይኑ ሳይሆን በልጁ ማመን አለበት ብሎ መሰለኝ እንዳለ አሳለፈው። ረቂቁም ሕዝብ አስተያየት ይስጥበት ተብሎ ከነእማማ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ወጣ።

እትዬ፣ አርባ ገጽ መመሪያ ወጥቶ ሕዝቡ ያነበበው ያቺን አንድ መስመር ነው። አውቶቡስ ውስጥ ስትባል ሰማኋት። አንዱ ጋዜጣ "እማማ ማን ናቸው?" ብሎ ጻፈ፤ ሌላው አዲስ የተቋቋመ ኮሚሽን ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። ትምህርት ቤት አንዱ ልጅ የተዋሰኝን ማስመሪያ ስጠይቀው "እናቴን ተዋት" አለኝ። አባዬ ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ በአራተኛው ቀን ግን ሻይ ሲጠጣ ብቻውን ሲስቅ ያዝኩት።

የአበዳሪዎች ማኅበር ግን አልሳቀም። ባለ ማኅተም ተቃውሞ ላከ። አባዬ አምጥቶ ስላነበበልን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ "በአንቀጽ ሃያ አንድ የተጠቀሰው 'እማማ' የተባለው አካል በቃላት ትርጓሜ ሥር ያልተተረጎመ፣ ሥልጣንና ተግባሩም በየትኛውም አዋጅ ያልተደነገገ በመሆኑ ማኅበራችን በጥብቅ ይቃወማል።" ከሥሩ የማኅበሩ ጠበቃ ፊርማ አለ። የማኅበሩ ጠበቃ ደግሞ ማን ሆነና? የእማማ የመጨረሻ ልጅ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ አንቺው ራስሽ ስም ያወጣሽለት ጋሼ መርህ ነው። ሰላም ሲሉት እንኳ "በመርህ ደረጃ ደህና ነኝ" የሚለው አጎታችን፣ የገዛ እናቱን በሕግ የማትታወቅ አካል ናት ብሎ ፈረመ።

በማግሥቱ እሁድ ምሳ ሊበላ መጣ። ልማድ ነው፤ በሥራ ቀን ከአባዬ ጋር ይሟገታል፣ እሁድ ደግሞ አብሮት ይበላል። እማማ እስኪጎርስ ጠብቀው "ልጄ፣ ሥልጣንና ተግባሬ አልታወቀም ብለህ ፈረምክ አሉ" አሉት። "እማማ፣ እሱ እኮ በመርህ ደረጃ ነው" አላቸው። "ዘጠኝ ወር የተሸከምኩህም በመርህ ደረጃ ነበር?" አሉት። ትን ስላለው ውኃ አቀበልነው። ሲረጋጋ "ሥልጣኔን ላሳይህ፣ ተነስና ሳህኑን እጠብ" አሉት፤ ተነሳ። ክራቫቱን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ያንን ሁሉ ሳህን አጠበ። አባዬ አጠገቡ ቆሞ ያደርቅ ነበር፤ እኔም ማንኪያ ፍለጋ አስመስዬ አጠገባቸው ተለጠፍኩ።

ጋሼ መርህ የዋዛ ሰው አይደለም፤ ስናሾፍበት የምንረሳው ነገር ነው። "ስማ" አለው አባዬን፣ "ሰው ካልፈራ አይከፍልም። የማይከፍለው ከበዛ ለሚከፍለውም ወለዱ ይወደዳል። ከዚያ መጀመሪያ ብድር የሚከለከለው አንተ እጠብቀዋለሁ የምትለው ድሃ ነው።" አባዬ አንዱን ሳህን ሁለት ጊዜ አደረቀው። "ይፍራ እንጂ" አለው። "ፍርድ ቤትን ይፍራ። አንተን ይፍራ። ጎረቤቱን ለምን ይፈራል? መፍራት ሌላ፣ ማፈር ሌላ።" ጋሼ መርህ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ሁለቱም ልክ ይመስሉኝ ነበር። አዋቂዎችን መታዘብ የሚያስቸግረው እንዲህ ልክ ሲሆኑ ነው።

የውይይቱ ቀን ሲቃረብ ዋና ዳይሬክተሩ አባዬን ቢሮው ጠርቶ አነጋገረው። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ለእማዬ ሲነግራት ሰምቻለሁ፤ ግድግዳ ስስ መሆኑ የእኔ ጥፋት አይደለም። የምክትል ዳይሬክተሩ ወንበር ባዶ ነው፤ "ሚዛናዊ ሰው እንፈልግበታለን" ብሎታል። ከላይም ከታችም ስልክ እየተደወለ ነው፤ አንዳንዱ አንቀጽ ላላ ቢል ለሁሉም ይበጃል ብሎታል። ሚዛናዊ ማለት፣ እንደገባኝ፣ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ብር ወዳለው ትንሽ ዘንበል ብሎ መሐል ቆሜያለሁ ማለት ነው። እማዬ ምን እንደምታደርግ ንገረኝ ስትለው፣ "ሌላውን እንደሆነ እንጃ፣ ሃያ አንድ ግን አይነካም" አላት። ለምን ብላ አልጠየቀችውም።

ውይይቱ ለሕዝብ ክፍት ስለነበር እኔም ሕዝብ ነኝ ብዬ ሄድኩ። ለትምህርት ቤት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ አልኩ። አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ማይክሮፎኑ እየጮኸ ያስቸግራል፣ በየወንበሩ ፊት የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። በቀኝ በኩል ባለ ሱፎቹ አበዳሪዎች ሦስት ረድፍ ሞልተዋል። በግራ፣ ለተበዳሪዎች በተያዘው በኩል፣ ሕፃን ያቀፈች አንዲት ሴትና የሸማቾች ማኅበር ተወካይ የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህር ብቻ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ተበዳሪ ግድ የለሽ ነው ብዬ ታዘብኩ። ኋላ ሳስበው ተበዳሪ በሥራ ቀን እዚያ ለመቀመጥ አለቃውን ማስፈቀድ አለበት፤ አበዳሪ ግን እዚያ የተቀመጠበት ይከፈለዋል። እኔ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

አባዬ ተነስቶ አንቀጾቹን አንድ በአንድ አስረዳ። የሦስቱ ቀን የማሰቢያ ጊዜ ወደ አንድ ቀን ወረደ። ከዚያ የቅጣት ክፍያ ከዚህ አይለፍ የሚለው አንቀጽ "ለተጨማሪ ጥናት" ተላለፈ። ለተጨማሪ ጥናት ማለት በአዋቂዎች ቋንቋ ነፍስ ይማር ማለት ነው። አባዬ ለእያንዳንዱ ተከራከረ፤ ግን ተሸነፈ። ሲሸነፍ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ በእስክሪብቶው ምልክት እያደረገ ያልፋል።

ሃያ አንድ ላይ ሲደርስ ጋሼ መርህ ተነሳ። "ክብርት ሰብሳቢ" አለ፣ "የሰው ክብር ይጠበቅ በሚለው በመርህ ደረጃ እንስማማለን። ሆኖም ሕግ በወሬ አይወጣም። በዚህ አድራጎት ተጎዳ የሚባል አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ መሥሪያ ቤቱ በስም ይጥቀስልን።" ሰብሳቢዋ ወደ አባዬ ዞሩ። አባዬ አቤቱታ ያቀረቡት ሁሉ ስማቸው እንዳይነሳ እንደጠየቁ ተናገረ፤ "ስማቸው በየሰው ስልክ በመዞሩ የተጎዱ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ደግሜ ላዞረው አልችልም" አለ። ከአበዳሪዎቹ ወገን ማጉረምረም ተሰማ። ጋሼ መርህ እንደለመደው፣ ንግግሩ ራሱ እየገፋው፣ "የአቤቱታው ፋይል ይቅር። እርስዎ በግልዎ የሚያውቁት አንድ ሰው እንኳን የለም?" አለ።

ከአፉ እንደወጣች ምን እንዳለ ገባው። ከኋላ ሆኜ ጀርባው ሲደርቅ አየሁት።

እትዬ፣ አንቺ ሰማሁ ያልሽው ዝምታ ይሄ ነው። የአባዬ ማይክሮፎን እንደበራ ስለነበር ትንፋሹ በአዳራሹ ሁሉ ይሰማል። ዋና ዳይሬክተሩ ከፊት ረድፍ ዞሮ ያየዋል፤ አንቺ ምን እንደደረሰብሽ ያውቃል፣ ለእሱም ተደውሎለታል። አንድ ስም ቢጠራ ክርክሩን እዚያው ያሸንፋል። እማዬ ባትነግረኝም፣ ማንም ባይነግረኝም፣ ይህን ለማወቅ የሕግ ትምህርት አያስፈልግም። እኔ ጉልበቴ ራሱ አነሳኝ። "አለ፣ እህቴ ናት" ልል አፌን ከፍቻለሁ። ያኔ አየኝ። እዚያ መኖሬን አያውቅም ነበር። ልጆች ሆነን መንገድ ልንሻገር ስንል መኪና ሲመጣ እንደሚያደርገው፣ ራሱን በጣም ትንሽ ነቀነቀልኝ። ተቀመጥኩ።

"የምጠቅሰው ሰው የለኝም" አለ። ከባለ ሱፎቹ መሐል አንዱ ሳቀ። የጋሼ መርህ ሚስት ጆሮ የደረሰው እስከዚህ ያለው ይመስለኛል፤ እሷ የወሬ ግማሽ ሲበቃት ታውቂያታለሽ።

የቀረው ግማሽ ይኸውልሽ። ጋሼ መርህ አልተቀመጠም። ወረቀቱን አየ፣ አባዬን አላየም። ለእሱም በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ነበር የተደወለለት፤ ያኔ ለእማዬ ሲነግራት እኔም ነበርኩ። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋና "ክብርት ሰብሳቢ፣ ጥያቄዬን ትቼዋለሁ። ማኅበሩ በዚህ አንቀጽ ላይ ተቃውሞ የለውም" አለ። ሰብሳቢዋ በደንብ የሰሙ አልመሰላቸውም፤ "በመርህ ደረጃ ማለትዎ ነው?" አሉት። "በመርህም፣ በተግባርም" አለ። ከኋላው የተቀመጠው ሰው ኮቱን ጎተተው። ጋሼ መርህ ኮቱን ከሰውዬው እጅ አስለቅቆ ተቀመጠ።

ሃያ አንድ እንዲህ አለፈ። የእማማ ቅንፍ ብቻ ወጣ፤ እማማ እስከዛሬ አልተዋጠላቸውም፣ "ከነስሜ ነው ለሕዝብ ያወጡት፣ ከነስሜ ይመልሱልኝ" ይላሉ። የምክትሉን ወንበር ሚዛናዊ የሆነ ሰው አገኘው። የማኅበሩ ሰዎች ደግሞ የጋሼ መርህን ውል አላደሱለትም። አሁን በየቀኑ እኛ ቤት ነው፤ "በመርህ ደረጃ እረፍት ላይ ነኝ" ይላል፣ በተግባር ግን ዳቦ ይጨርሳል። አባዬ አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አላነሳበትም። ቼዝ ይጫወታሉ፤ ሁለቱም አይችሉም።

ከአዳራሹ ስንወጣ በአንድ አውቶቡስ ነው የተመለስነው። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ ለምን ትምህርት ቤት እንዳልሆንኩ ጠየቀኝ። የጥርስ ሐኪም ጋ ነበርኩ አልኩት። "ጥርስሽ እንዴት ሆነ?" አለኝ። "ደህና ነው" አልኩት። "አፍሽስ?" አለኝ። "ዘግቼዋለሁ" አልኩት። "ጎበዝ" አለኝና ወደ መስኮቱ ዞረ። እስክንወርድ ድረስ አልተመለሰም፤ እኔም መስኮቱ ላይ ምን እንዳለ ለማየት አልሞከርኩም።

አባዬ መልእክት አልላከልሽም። እንደላከ አድርጌ ብጽፍ ታውቂብኛለሽ። እኔ ደብዳቤ እንደምጽፍልሽም አልነገርኩትም፤ ግን ትናንት ጠዋት ጫማውን ሲያስር ሹራቡን የምትወስደው ሴትዮ መቼ እንደምትሄድ ጠየቀኝ፤ ቀኑን ነገርኩት። ቀጥሎ፣ ቀና ሳይል፣ እዚያ ያለሽበት ከተማ ኔትወርክ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይሠራል አልኩት። "እሺ" አለና ያሰረውን ጫማ ፈትቶ እንደገና አሰረው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ስልክ ከነቁጥሩ ሰጥቶታል። ቢሆንም ያን መስታወቱ የተሰነጠቀውን፣ አንቺ ቁጥሩን የምታውቂውን አሮጌ ስልክ አልጣለም፤ ሁለቱንም ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። በአሮጌው የሚደውልለት ሰው የለም። ባትሪው ግን አንድም ቀን አልቆበት አያውቅም።

እትዬ፣ ፈጣሪ ከክፉ ሰውና ከክፉ ስልክ ይጠብቅሽ። የያዝሽውን ያብዛልሽ፤ የምታነሺው ፎቶ ሁሉ ሳቅ ያለበት ይሁን። እማማ "ዕድሜሽን እንደ ምላሴ ያርዝመው" ብለውሻል፤ ከዚህ የረዘመ ነገር ስለማላውቅ አሜን በይ።

መመሪያው ከመጪው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ይጸናል። ከዚያ ቀን አንስቶ ስላንቺ ጉዳይ አባዬ ጋ መደወል የሚችል ሰው በሕግ የለም። ካንቺ በቀር።

ሁልጊዜ የምትናፍቅሽ
ታናሽ እህትሽ